ኋላ የሚበራ መብራት

ኔቪል፦ ወደ እጄ አብራ አልኩህ እኮ!

ክላሪ፦ ወደ እጅህ ነው ያበራሁት።

ኔቪል፦ ይሄ ግራ እጄ ነው። የምሠራው በቀኜ ነው።

ክላሪ፦ «እጄ» አልክ እንጂ የቱ እጅህ እንደሆነ መች ነገርከኝ?

ኔቪል፦ ሰው በየትኛው እጁ ነው የሚሠራው?

ክላሪ፦ እኔ በሁለቱም ነው። በግ በአንድ እጅ አይሸለትም።

ኔቪል፦ እዚህ በግ አለ?

ክላሪ፦ (አልጋው ሥር ወዲህ ወዲያ እያበራ) እስካሁን አላየሁም።

(ዩኩምቢን ሐይቅ ዳር፣ ካራቫን የሚባሉ በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች በሰፈሩበት ጥግ፣ ወሩ ሐምሌ፣ የብርድ ወር። ኔቪል ከወገቡ በላይ አልጋው ሥር ገብቷል፤ የሚታየው የሱሪው መቀመጫና ቀለማቸው የማይገጥም ሁለት ካልሲዎቹ ናቸው። ክላሪ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በላዩ ቆሟል።)

ኔቪል ዕድሜ ልኩን በኩማ ከተማ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ማወቅ የማያስፈልግ ነገር ነው። ባለቤቱ ኖሊን ያለፈውን ክረምት በዚህ ካራቫን ያሳለፈችው ኮቷን ለብሳ፣ በኮቷ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ የባሏን ኮት ደርባ ነበር። ዘንድሮ የናፍጣ ማሞቂያ ሲገዛ «የሚገጥምልን ባለሙያ እንጥራ» ብትለው «ባለሙያው ማን ሆነና?» አላት። ስለዚህ ዛሬ ምሳ እንደበሉ ሻንጣዋን አሥራ ፍርዷን ሰጠች። «ጎረቤት ሴቶቹ ጋ ካርታ ልጫወት እየሄድኩ ነው። ስመለስ ኮቴን አውልቄ መቀመጥ ከቻልኩ፣ መኪናውን ከካራቫኑ ፈትተህ ክረምቱን እዚሁ እንከርማለን። ካልቻልኩ እንደተያያዙ ይደሩ፤ ጠዋት ወደ እህቴ፣ ወደ ሞቃቱ ኩዊንስላንድ እንሄዳለን፤ ካራቫኑም እዚያው ይሸጣል።» ኔቪል እንዳልሰማ ሆኖ ካቻቢቴውን አነሣ። ፈርቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የፈራው፤ ያለዚህ ካራቫንና ያለዚህ ሐይቅ ዓሣ ጠዋት ጠዋት ለምን ብሎ እንደሚነሣ አያውቅም። እንግዲህ ኖሊን ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ነው ጎረቤቱ ክላሪ፣ ያ ጡረተኛ በግ ሸላች፣ «ላግዝህ» ብሎ ብቅ ያለው።

ኔቪል፦ በል ስማ፣ አሁን ቁም ነገር ነው። ይሄ ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። እዚህ ፊውዙ ላይ ገባ፤ አለቀ። ይሄ ጥቁሩ ደግሞ ኔጋቲቩ ነው።

ክላሪ፦ ለምን?

ኔቪል፦ ምኑ ለምን?

ክላሪ፦ ለምን ኔጋቲቭ ሆነ?

ኔቪል፦ ጥቁር ስለሆነ!

ክላሪ፦ ለምን ጥቁር ሆነ?

ኔቪል፦ ኔጋቲቭ ስለሆነ!

ክላሪ፦ እሺ። (ጥቂት አስቦ) እኔ ግን አልገባኝም።

ኔቪል፦ አንተን ማን ይግባህ አለህ? ዝም ብለህ አብራ።

ክላሪ፦ እና ጥቁሩ የት ነው የሚገባው?

ኔቪል፦ በወጉ ቢሆን ባትሪው ላይ ነው።

ክላሪ፦ (የያዘውን የእጅ ባትሪ እያገላበጠ) በየት በኩል?

ኔቪል፦ እሱ ላይ አይደለም! የካራቫኑ ባትሪ ላይ! እዚያ ማዶ፣ ወንበሩ ሥር ያለው!

ክላሪ፦ እዚያማ የኖሊን ሻንጣ ተቀምጦበታል።

ኔቪል፦ አይቼዋለሁ።

ክላሪ፦ ታስሮ አልቋል እኮ።

ኔቪል፦ አይቼዋለሁ አልኩህ! ወደዚያ የማልሄደውም ለዚሁ ነው። ጉልበቴ አይታዘዝልኝም፣ ሻንጣውንም መንካት አልፈልግም። ደግሞስ ምን አስኬደኝ? ይኸው እዚሁ አፍንጫዬ ሥር አንድ ጥቅል ሽቦ ያልፋል። ከመሀሉ አንዱ ጥቁር ነው። ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር ቋጥሬ ቁጭ! ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው።

ክላሪ፦ ለምን?

ኔቪል፦ ሽቦ ይቆጥባል፤ ጉልበት ይቆጥባል።

ክላሪ፦ ጥቅሉ ከየት ነው የመጣው?

ኔቪል፦ ከመኪናው።

ክላሪ፦ ወዴት ነው የሚሄደው?

ኔቪል፦ ወደ ኋላ።

ክላሪ፦ ምን ሊሠራ?

ኔቪል፦ ክላሪ! ሽቦ ነው! የሽቦ ሥራው መሄድ ነው!

(ኔቪል ሽቦውን በፒንሳ ይልጣል፣ ይቋጥራል፣ ፕላስተር ይጠመጥምበታል። ከዚያ እያቃሰተ ወደ ኋላው እየተንፏቀቀ ይወጣና ጭንቅላቱን ከአልጋው ጠርዝ ጋር ያጋጫል። እንዳልተመታ ሰው ፈገግ ይላል።)

ኔቪል፦ በል አሁን ቁልፉን ተጫን።

ክላሪ፦ የቱን?

ኔቪል፦ ያለው አንድ ነው!

ክላሪ፦ (ይጫናል) በራ! ኧረ ቁጥር አወጣ!

ኔቪል፦ አላልኩህም? አሁን መጀመሪያ ማራገቢያው ይዞራል። ቀጥሎ ካንዴላው ይግላል። ከዚያ ፓምፑ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ እያለ ናፍጣውን ይልካል።

ክላሪ፦ ካንዴላው ከጋለ ለምን እሱኑ አንታቀፈውም?

ኔቪል፦ ካንዴላው ጣት የምታክል ናት! ናፍጣውን ለማቀጣጠል ነው የምትግለው!

(ማራገቢያው አንዴ እህህ ይልና ድምፁ ይጠፋል። የማሞቂያው ስክሪን ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።)

ኔቪል፦ (ፊቱ በርቶ) ሰማህ? ቲክ ቲክ ቲክ! ፓምፑ ነው! ሥራውን ጀመረ!

ክላሪ፦ የቱ ጋ?

ኔቪል፦ አትሰማም እንዴ? ያውና! ቲክ ቲክ ቲክ… አሁን ለምን አቆመ?

ክላሪ፦ አፌን ከፍቼ ስናገር ነዋ። ጥርሴ ነው።

ኔቪል፦ ምንህ?

ክላሪ፦ ጥርሴ ነው የሚንቀጫቀጨው። በርዶኛል።

(ኔቪል ስክሪኑን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።)

ኔቪል፦ ምንም አይደል። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ነው። አዲስ ማሞቂያ እንዲህ ነው፤ ይግደረደራል። አንተ ውጣና ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣ እንደሆነ እይልኝ፤ እኔ እንደገና አስነሣዋለሁ።

(ክላሪ ይወጣል። ኔቪል ቁልፉን ይጫናል።)

ኔቪል፦ (በመስኮቱ) ምን ይታያል?

ክላሪ፦ (ከውጭ) ጭስ የለም!

ኔቪል፦ ሌላስ ምን ይታያል?

ክላሪ፦ ሐይቁ!

ኔቪል፦ ካራቫኑ ላይ ነው ያልኩህ!

ክላሪ፦ ኋላ እየበራ ነው!

ኔቪል፦ ኋላማ አይደለም፣ አሁን ነው መብራት ያለበት!

ክላሪ፦ አሁን ነው እኮ የበራው!

ኔቪል፦ ኋላ አላልክም?

ክላሪ፦ አዎ፣ ኋላ!

ኔቪል፦ አሁን ነው ወይስ ኋላ?

ክላሪ፦ ሁለቱም!

ኔቪል፦ (ለራሱ) በጎቹ ለዚህ ሰው ፀጉራቸውን እንዴት አምነው እንደሰጡት።

የሰው ድምፅ፦ (ከሩቅ) ቆይ! ቆይ! ቆይ!

(ክላሪ እጁን እያፋተገ ይመለሳል።)

ክላሪ፦ ራስል ወንበሩን አነሣ።

ኔቪል፦ የቱ ራስል?

ክላሪ፦ ከኋላችን ድንኳን የተከለው። ቋሊማ ሲጠብስ የነበረው።

ኔቪል፦ ታዲያ ወንበሩን ቢያነሣ እኔ ምን ቤት ነኝ?

ክላሪ፦ «ቆይ» አለኝ።

ኔቪል፦ ቋሊማው ሲበስል ሊሰጥህ ነዋ።

ክላሪ፦ (ደስ ብሎት) እውነት?

ኔቪል፦ ተወው አሁን ቋሊማውን! ስክሪኑ የሚለው «ኃይል አነሰኝ» ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆን? እስቲ ባትሪውን እየው።

ክላሪ፦ (የእጅ ባትሪውን ወደ ገዛ ዓይኑ አዙሮ ያበራል) ደህና ነው። (ዓይኑን ጨፍኖ) ኧረ በጣም ደህና ነው።

ኔቪል፦ የካራቫኑን!

ክላሪ፦ እሱማ ሻንጣው ሥር ነው።

ኔቪል፦ በቃ ተወው፣ ሻንጣውን እንዳትነካ። ካንዴላው መጀመሪያ ላይ ኃይል ይጠጣል፤ ደጋግመን ስንሞክረው ይለምዳል።

ክላሪ፦ ለምን? ማሽን ይለምዳል እንዴ?

ኔቪል፦ ኖሊን እኔን ለምዳኝ የለም?

ክላሪ፦ ሻንጣዋን እኮ አሥራለች።

ኔቪል፦ ውጣልኝ! ውጣና ጭሱን እይ!

(ክላሪ ይወጣል። ኔቪል ያስነሣል፤ ይሞታል። ያስነሣል፤ ይሞታል። ማሞቂያው በነካው ቁጥር ያቃስታል እንጂ አይነሣም።)

ክላሪ፦ (ከውጭ) ኋላ በራ! ኋላ ጠፋ! ኋላ በራ! ኋላ ጠፋ!

ኔቪል፦ አንዱን ቁረጥ እንጂ! ይበራል ነው ወይስ ይጠፋል?

ክላሪ፦ አንተ ነህ የምታበራው፣ አንተ ነህ የምታጠፋው! እኔ ምን ላድርግ?

(ከካራቫኑ ኋላ የድስት፣ የብረትና የስድብ ድምፅ ይሰማል። ክላሪ አንገቱን በበሩ ያስገባል።)

ክላሪ፦ ኔቪል፣ ራስል ድንኳኑን ነቀለ።

ኔቪል፦ ሊሄድ ነው?

ክላሪ፦ ሲያየኝ መጥቶ «ወደ ኋላ ልትነዱ ነው ወይ?» አለኝ።

ኔቪል፦ ምን አልከው?

ክላሪ፦ «ኧረ የለም፣ ኔቪል አልጋ ሥር ነው» አልኩት።

ኔቪል፦ ጥሩ ብለሃል። እሱስ?

ክላሪ፦ «አልጋ ሥር ሆኖ ነው የሚነዳው?» አለኝ። ከዚያ ነው ድንኳኑን መንቀል የጀመረው።

ኔቪል፦ ምን ነካው? ማን ይነዳል? የመኪናው ሞተር እኮ ጠፍቷል!

ክላሪ፦ መጥበሻውን ከነቋሊማው ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ሸሸ። (ቅር ብሎት) አልሰጠኝም።

ኔቪል፦ ከምን ይሸሻል?

ክላሪ፦ ከኋላ መብራታችሁ ነዋ። ሲበራ አይቶ።

ኔቪል፦ የቱ የኋላ መብራት?

ክላሪ፦ ነጩ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚበራው።

ኔቪል፦ የሪቨርስ መብራት? የካራቫኑ የሪቨርስ መብራት እየበራ ነው? እና ይሄን እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?

ክላሪ፦ «ኋላ እየበራ ነው» ስልህ ነው እኮ የዋልኩት!

(ኔቪል «ኋላ» የሚለውን ቃል ሁለት ሦስቴ በልቡ አገላበጠው። የተሳሳተው እሱ ሊሆን እንደሚችል ግን አልታየውም፤ ይሄ ዓይነቱ ሐሳብ ወደ እሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በር ላይ ይመለሳል።)

ኔቪል፦ ገባኝ! ማርሹ ሪቨርስ ላይ ቀርቷል። አንዳችሁ ነክታችሁታል።

ክላሪ፦ እኔ የመኪናውን በር እንኳን አልነካሁም።

ኔቪል፦ በግ ነካዋ! ሂድ፣ ቁልፉ መኪናው ላይ ነው፤ ቁልፉን አዙርና ማርሹን ከሪቨርስ አውጣው። ሞተሩን እንዳታስነሣ። የእጅ ፍሬኑንም እንዳትነካ።

(ክላሪ ይሄዳል። ኔቪል ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ድንገት ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል።)

ኔቪል፦ (በመስኮቱ እየጮኸ) ምን አደረግክ? ጭራሽ ገደልከው እኮ!

ክላሪ፦ (ከመኪናው) ሪቨርስ አስገባሁት!

ኔቪል፦ አውጣው ነው ያልኩህ!

ክላሪ፦ ሪቨርስ ላይ አልነበረም! ለማውጣት መጀመሪያ ማስገባት አለብኝ!

ኔቪል፦ (በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ) አውጣው!

ክላሪ፦ አወጣሁት!

ኔቪል፦ ስክሪኑ ተመለሰ! ቆይ… ቆይ… እስቲ መልሰህ አስገባው!

ክላሪ፦ አስገባሁት!

ኔቪል፦ ሞተ! አውጣ!

ክላሪ፦ ወጣ!

ኔቪል፦ ነቃ!

ክላሪ፦ (ጨዋታው ጥሞት) ላስገባው?

ኔቪል፦ በቃ! በቃ ና!

(ክላሪ ሲመለስ ኔቪል ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች። ከሴቶቹ ካራቫን በኩል ሳቅ ይሰማል፤ ካርታው እያለቀ መሆን አለበት።)

ኔቪል፦ ክላሪ።

ክላሪ፦ አቤት።

ኔቪል፦ እኔ ኩዊንስላንድ መኖር አልችልም። እዚያ ዓሣው ራሱ ላብ በላብ ነው።

ክላሪ፦ እህቷ ቤት ደግሞ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት አሉ።

ኔቪል፦ (ካልሲዎቹን እያየ) ጫማ አውልቆ! አየህ? እኔ ከዚህ ሐይቅ ሌላ ምንም አልፈልግም። ግን ኖሊንን አውቃታለሁ፤ ካለች አለች። ደግሞ ብርዱ ጎድቷታል፤ ያለፈው ክረምት ማታ ማታ ስታስል እየሰማሁ የተኛ መስዬ ነው የማድረው። የምታስለው በእኔ ግትርነት ነው። ይሄን አውቃለሁ። ለእሷ ግን ብዬ አላውቅም።

ክላሪ፦ (አጠገቡ ቁጭ ብሎ) ግን ለምንድነው ጥቁሩ ኔጋቲቭ የሆነው?

ኔቪል፦ አሁንም እዚያው ነህ?

ክላሪ፦ አልገባኝማ።

ኔቪል፦ (በረጅሙ ተንፍሶ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ) እሺ፣ ስማኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን የቤት መብራት ዘርግቻለሁ። ኩማ ውስጥ በየቤቱ ብትገባ ቀዩ ሽቦ ኃይሉን ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። የዘረጋሁት ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ይሄም እንደዚያ ነው።

ክላሪ፦ ለምን?

ኔቪል፦ ቤት ስለሆነ!

ክላሪ፦ ይሄ ቤት ነው?

ኔቪል፦ ታዲያ ምንድነው? አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የተቆጣች ሚስት አለችው። ቤት ለመሆን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ክላሪ፦ ጎማ አለው።

ኔቪል፦ ጎማ ያለው ቤት ነዋ!

ክላሪ፦ ቤት ግን ሪቨርስ አለው?

(ኔቪል ፊቱን ወደ ክላሪ ያዞራል። ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ።)

ኔቪል፦ ምን አልክ?

ክላሪ፦ የእኔ ቤት ሪቨርስ የለውም። ለዚያ ነው የጠየቅኩህ።

ኔቪል፦ (ቀስ ብሎ) ቤት… ሪቨርስ… የለውም።

ክላሪ፦ የለውም።

ኔቪል፦ ይሄ ቤት አይደለም። ተጎታች ነው! ክላሪ፣ በተጎታች ላይ ኔጋቲቩ ነጩ ነው! እዚህ አገር ያለ ተጎታች ሁሉ ነጩ ነው! ጥቁሩ… ጥቁሩ የሪቨርስ መብራት ነው! ማሞቂያውን ከሪቨርስ መብራቱ ጋር ነው የቋጠርኩት! ኃይል በፈለገ ቁጥር በመብራቱ በኩል እየዞረ፣ መብራቱ ሲጠግብ ለማሞቂያው የሚተርፈው…

ክላሪ፦ ለምን?

ኔቪል፦ አሁን አትጠይቀኝ! አሁን እየገባኝ ነው!

(ኔቪል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉልበቱን ረስቶ፣ ወደ ማዶው ወንበር ይድሃል። ሻንጣው ፊት ሲደርስ ይቆማል። ለመንካት እጁን ይዘረጋል፣ ይመልሳል።)

ኔቪል፦ አንተ አንሣልኝ።

ክላሪ፦ (ለማንሣት እየሞከረ) ኧረ ከባድ ነው! ምን ጨመረችበት?

ኔቪል፦ ሁሉንም ነገር። ለወራት ሳይሆን ለሁልጊዜ ነው ያሠረችው። ቶሎ በል!

(ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ኔቪል ጥቁሩን ሽቦ ከጥቅሉ ይፈታል፣ ወፍራም ሽቦ ይቀጥልበታል፣ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይወስደዋል። «አብራ!» ሲል ክላሪ ግራ እጁ ላይ ያበራል፤ ኔቪል ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገረው ሽቦውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል። ብሎኑን ያጠብቃል። ቁልፉን ይጫናል። ማራገቢያው ይዞራል፤ አይቆምም። ጥቂት ይቆይና ከሥር ቲክ… ቲክ… ቲክ።)

ኔቪል፦ (በሹክሹክታ) ጥርስህ ነው?

ክላሪ፦ (በጣቶቹ መንጋጋውን ይዞ፣ «አይደለም» በሚል ራሱን ይነቀንቃል)

ኔቪል፦ ውጣ! ውጣና እይ!

ክላሪ፦ (ከውጭ እየጮኸ) ጭስ! ነጭ ጭስ! ኔቪል፣ እየጨሰ ነው!

ኔቪል፦ ኋላስ?

ክላሪ፦ ኋላ ጨለማ ነው!

ኔቪል፦ ተመስገን!

(ሙቀቱ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን። የመስኮቱ ጤዛ መውረድ ጀመረ። ኔቪል ኮቱን ጣለ፣ ክላሪ ኮፍያውን ጣለ፣ ቀጥሎ ሁለቱም ሹራባቸውን አወለቁ። ኖሊን በሩን ስትከፍት ሁለት ሽማግሌዎች በካናቴራ ተቀምጠው እንደ ተማሪ ያዩዋታል። ገባች፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ሻንጣዋ ከቦታው መነሣቱን አየች። መዳፏን ሙቀቱ የሚወጣበት አፍ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።)

ኖሊን፦ (የኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታች) ሁም።

(ኮቷን አወለቀች። ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ነበር፤ እሱንም አወለቀች። በቀሚስ ብቻ ሆና ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ወደ ሙቀቱ ዘረጋች።)

ኔቪል፦ (ድምፁ ቀጥኖ) መኪናውን ልፍታው?

ኖሊን፦ ፍታው፣ ኔቭ። ዓሣህ ደግሞ ነገ ይጠበስ።

(ኔቪል ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሙቀቱ ነው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስታውን ይዞ ዝም ይል ነበር፤ ኔቪል ግን ኔቪል ነው፤ ደረቱ ወዲያው ነፋ።)

ኔቪል፦ ባለሙያ እንጥራ ስትይኝ ምን አልኩሽ? ይኸው! እንዲያውም ይሄ ሰውዬ ባይኖር ገና ፀሐይዋ ሳትዞር በጨረስኩት ነበር። ሥራ አላስፈታኝ መሰለሽ? ለምን፣ ለምን፣ ለምን እያለ ጆሮዬን በላው እኮ!

ኖሊን፦ ጎበዝ፣ ክላሪ።

ክላሪ፦ ምንም አይደል።

ኔቪል፦ ጎበዝ? ምን አድርጎ?

ኖሊን፦ እኔ ነኝ የላክሁት። የሚልህን ሁሉ ለምን በለው አልኩት። እኔ ተሳስተሃል ስልህ እስኪመሽ ትከራከረኛለህ። ያልገባው ሰው አጠገብህ ካለ ግን ስታስረዳው አንዳንዴ ራስህን ትሰማለህ።

(ኔቪል ሊቆጣ ፈለገ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ታየውና ጭኑን መትቶ በሳቅ ፈረሰ።)

ኔቪል፦ እና ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ክላሪን የመረጥሽው ለዚህ ነዋ! ከሰፈሩ ሞኝ ተፈልጎ አንተ ተገኘህ! ሰማህ ክላሪ? ሞኝ ነው ያለችህ!

ክላሪ፦ ኧረ ለእኔ እንደሱ አላለችኝም።

ኔቪል፦ (እንባው እስኪፈስ እየሳቀ) እና ምን አለችህ?

ክላሪ፦ «ካራቫናችን ውስጥ አንድ ግትር ሞኝ አለ፤ ብቻውን አትተወው፣ የሚልህንም ሁሉ ለምን በለው» ነው ያለችኝ። መጥቼ ባይ ከአንተ በቀር ማንም የለም። ምናልባት ወጣ ብሎ ይሆናል ብዬ በር በሩን እያየሁ ጠበቅኩት። እስኪመጣ ድረስ ዝም ከምል ብዬ አንተን ጠየቅኩህ።

(የኔቪል ሳቅ ቀስ እያለ ሞተ። ኖሊን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርድ አይደለም።)

ኔቪል፦ እና… ሞኙ ማን እንደሆነ መቼ ነው የገባህ?

ክላሪ፦ ኋላ ነው። መብራቱ ሲበራ።